የቁራሹ ዕዳ

ሥነ ጽሑፍ ወይም ፍልስፍና የሚማር ሰው ይህችን ጥያቄ ሳይሰማ አይመረቅም፦ «እሱን ተምረህ ምን ልትሆን ነው?» እኛም ቱግ እንላለን። መምህር፣ ጋዜጠኛ፣ ተርጓሚ እያልን እንደረድራለን፤ ካልሆነም «ዕውቀት ለራሱ ለዕውቀት ነው» ብለን ወሬውን እንዘጋዋለን። እኔን ሁለቱም መልስ አላጠገበኝም።

ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ላደገ ሰው ጥያቄው የቆየ ነው። ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ቋንቋን፣ ግጥምንና ፍልስፍናን አንድ ላይ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ያጠናል፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። የትናንቱን ደግሞ ማምጣት አይቻልም፤ በየቀኑ አዲስ መሆን አለበት። ሲርበው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻውን በዱላው እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ቁራሽ የምትሰጠው ሴት አብዛኛውን ጊዜ ግእዝ አትሰማም። ያን ቀን የቆጠረውን ባለ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ብትሰማው ሰሙንም ወርቁንም አታገኘውም። ግን «ምን ልትሆን ነው?» ሳትለው ትሰጠዋለች።

በ1902 ዓ.ም. እንዶዳም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ያለፉት በዚህ ትምህርት ነው። በ1958 የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው በዛብህም የቅኔ ሰው ነው። ከእንዲህ ያለ መጽሐፍ ጀርባ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ቁራሽ ሰጪዎች ያሉ ይመስለኛል።

ነገሩን ላሳምረው አልፈልግም። ረኀብ ነበረ፣ ሰጪዋም የምታስበው ለነፍሷ እንጂ ለሥነ ጽሑፍ አልነበረም። ቢሆንም ዕዳ ዕዳ ነው። እኔ ዛሬ አኩፋዳ አልያዝሁም፤ የያዝሁት የካፌ ካርድ ነው። ወጪ መጋራት ፈርሜያለሁ፤ የቀረውን የሚሸፍነው ግን ግብር የሚከፍለው ሕዝብ ነው። ቁራሹ መልኩን ቀየረ እንጂ አልቀረም።

ይህን ያስተማረኝ አንድ ወረቀት ነው። ሦስተኛ ዓመት እያለሁ ለእረፍት አገር ቤት ስገባ፣ «አያ» እያልሁ የምጠራው ጎረቤታችን የመሬት ኪራይ ውል ይዞ መጣ። «እስቲ ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ፣ እየው» አለኝ። ስልኬ ላይ ነበርሁ። ገረፍ ገረፍ አደረግሁት። «ለሁለት የምርት ዘመን» ይላል። «ደህና ነው አያ» አልሁት። ፈረመ።

እሱ የገባው ሁለት ምርት ነበር፤ አንዱ የክረምቱ፣ ሌላው የመስኖው። ባንድ ዓመት ውስጥ መሬቱ ይመለስልኛል ብሏል። ወረቀቱ ግን የሚለው ሁለት ዓመት ነው። ሁለተኛውን ዓመት የራሱን ማሳ ሰው ሲያርሰው አጥር ላይ ተደግፎ አየ። እኔን አንድም ቀን አልወቀሰኝም።

«የሕግ ነገር እኮ ነው፣ የአንተ ሙያ አይደለም» ትሉኝ ይሆናል። ለራሴም እንዲያ ብዬ ነበር። ግን አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲሸከም ማየት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የተማርሁት ይህንኑ አይደለም? ግጥም ሲሆን ለውጤት ስል ሌሊት ቁጭ ብዬ ሰሙን ከወርቁ እለያለሁ። የጎረቤቴ ኑሮ ሲሆን አምስት ደቂቃ ነፈግሁ። ያጣሁት ዕውቀት አይደለም። ወረቀቱ የእኔን ንባብ የሚመጥን አልመሰለኝም፤ ጥፋቴ ይኸው ነው።

እና «ምን ልትሆን ነው?» ለሚለው አሁንም አጥጋቢ መልስ የለኝም። ሥራ ላገኝም ላላገኝም እችላለሁ። «ለማን ታነባለህ?» ብባል ግን የምመልሰው አላጣም። ማንበብ የቻልሁት ሰው አብልቶኝ ነው፤ ያበላኝ ሰው ወረቀት ይዞ ሲመጣ ስልኬን ማስቀመጥ አለብኝ።

ባለፈው ክረምት አያ ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ። እኔ ጋ መምጣቱ ራሱ ገረመኝ። መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሦስት ጊዜ አነበብነው።