ዝናቡና ስንጥቁ

ጎርፍ ማሳ ወሰደ፣ ቤት አፈረሰ ሲባል ስንሰማ ብዙዎቻችን «የአላህ ቀደር ነው» ብለን እናልፋለን። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ እውነት ጀርባ የራሳችንን ቸልተኝነት የምንደብቅበት ጊዜ የለምን? እስቲ ጉዳዩን ከምናውቀው ወንዝ ተነስተን እንመልከተው።

ሆለታ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በእርሷና በዙሪያዋ ባሉት ተራሮች የሚዘንበው የክረምት ውኃ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ ወደ በቾ ሜዳ ሲደርስ ቁልቁለቱ ያበቃል፤ ውኃው ይዘገያል፤ ያመጣውን ደለል ይጥላል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ ከዳርቻው አልፎ በሰበታ ሐዋስ ወረዳ ማሳዎችን አጥለቀለቀ። በዚያው ክረምት በታች በአፋር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችን አፈናቀለ።

እንዲህ ባለው ሜዳ ሰው አፈር ቆልሎ ወንዙን ለመመለስ ይሞክራል። የአፈር መከላከያ የሚፈርሰው በነሐሴ ሌሊት ይመስለናል። እናስተውል! ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከብቱ ውኃ ሊጠጣ ሲወርድ ይረግጠዋል፤ ፍልፈል ይቦረቡረዋል። በጥር ያልተደፈነች ስንጥቅ በነሐሴ ውኃ ታስገባለች። ውኃውም አፈሩን ከውስጥ እየበላ ቆይቶ መከላከያውን ባንድ ጊዜ ይንደዋል። ታዲያ ጥፋቱ የነሐሴ ዝናብ ነው ወይስ በጥር ዝም ያልነው የእኛ?

«የእኔ አንዲት ቁና አፈር ብትጎድል ምን ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። ውኃ ግን ዝቅ ያለችውን አንዲት ቦታ ነው የሚፈልገው። መቶ ሰው ደህና አድርጎ ሠርቶ አንዱ ቸል ቢል ጎርፉ የሁሉንም ማሳ ይወስዳል።

የራሱን ዳርቻ ብቻ ከፍ አድርጎ ውኃውን ወደ ማዶ የሚገፋም አለ። ይህ ሰው ጎርፉን አላቆመም፤ ወደ ጎረቤቱ ደጅ መራው እንጂ። ከላይ ሆኖ ተራራውን የሚመነጥረውም እንዲሁ ነው። ጎርፉ የሚያፈናቅለውን ሰው አያውቀውም፤ አለማወቁ ግን ከሐቁ ነፃ አያወጣውም። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከላይ የለቀቅነው ሁሉ የሚያርፈው በገዛ ወገናችን ላይ ነው።

በቀደር ማመን ዝናቡን መቀበል ነው፤ ስንጥቁን መተው አይደለም። ሰበቡን ካደረስን በኋላ የሚመጣውን በሶብር እንቀበላለን። ሳናደርስ ሶብር የምንለው ግን የስንፍናችን ሌላ ስም ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ሰማዩ ጠርቶ ወንዙ ሲጎድል አካፋ ይዘን እንውጣ። ስንወጣም የማዶውን ጎረቤት እንጥራው።