ሞዴሉ ሲሳሳት የሚራበው ማን ነው?

መቼም ሰማይ አይቶ ክረምቱን መገመት የገበሬ የቆየ ሙያ ነው። አሁን ሥራው ለኮምፒዩተርም ተሰጥቷል። በሳተላይት የተለካውን ዝናብ፣ የአፈሩን ዓይነትና የሰብሉን ዕድሜ ትነግሩታላችሁ፤ እሱ ደግሞ ተክሉ ከሚፈልገው ውሃ ምን ያህሉን እንዳገኘ አስልቶ ምርቱ በስንት እንደሚቀንስ ይነግራችኋል። እኔ በዚህ አልሳለቅም። የ1977ን ረሃብ ዓለም የሰማው የከሱ ሕፃናት በቴሌቪዥን ሲታዩ ነውና፣ ያኔ ምነው በኖረ ያሰኛል።

ግን የማላዊ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። የአገሪቱ መንግሥት ለ2015/16 (እ.ኤ.አ.) የእርሻ ወቅት፣ በአፍሪካ ኅብረት ሥር ከሚገኘው አፍሪካን ሪስክ ካፓሲቲ የድርቅ መድን ገባ። ካሳው የሚወሰነው ማሳ ታይቶ ሳይሆን ሞዴሉ በሚያወጣው ቁጥር ነው። ዝናቡ ከዳ። በሚያዝያ 2016 ፕሬዚዳንቱ የአደጋ አዋጅ አወጁ፤ እርዳታ የሚሻው ሕዝብም ከ6 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ሞዴሉ ግን ካሳ የሚያስከፍል ድርቅ የለም አለ!

ኋላ ሲጣራ ምን ተገኘ መሰላችሁ? ለሞዴሉ የተነገረው ገበሬው የሚዘራው ለመድረስ አራት ወር ገደማ የሚፈጅ በቆሎ እንደሆነ ነው። ገበሬው ግን በሦስት ወር ወደሚደርሰው ዘር ዞሯል። የሁለቱ በቆሎዎች ውሃ የሚጠማቸው ሳምንት ደግሞ አንድ አይደለም። ይህም የታወቀው ሰው ገጠር ድረስ ወርዶ ስለጠየቀ ነው። ስሌቱ ተስተካክሎ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፈል የተወሰነው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሆነ።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ሌባ የለም። ሞዴሉን ለአገሩ እንዲስማማ አድርጎ ውሉን የፈረመው መንግሥትም ጭምር ነው። ታዲያ አጥፊ ከሌለ ዕዳውን ማን ይሸከም? የመድን ሰዎች «ሰው ባለው ሁሉ ከከፈልን መድኑ ይፈርሳል፤ ሞዴሉ የተመረጠው እኮ ማንም እንዳያጭበረብረው ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው። እኔን የሚከነክነኝ ግን ቁጥሩና ማሳው ሲጣሉ እስኪጣራ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ነው። ባለገንዘቡ ስድስት ወር ቢጠብቅ ሂሳቡ ይዘገይበታል፤ ጎተራው ባዶ የሆነው ሰው ግን በሬውን ይሸጣል። ስለዚህ ልዩነቱ ይህን ያህል ሲሰፋ ማስረጃ አምጣ ሊባል የሚገባው ሞዴሉ ነው ባይ ነኝ። ያ ገበሬ ዘር መቀየሩን ለማን ይናገር ኖሯል? የሚሞላው ቅጽ እንኳ ያቀረበለት ያለ አይመስለኝም።