የተሰመረ ብራና

በጎጃም፣ ከአንድ ደብር አጠገብ፣ ብራና መፋቅና ቁም ጽሕፈት የሚያስተምሩ የኔታ ነበሩ። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ለእናቱ ዳዊት ጽፎ ሊሰጣት ተሳለ። ዳዊት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ከ150ው መዝሙር ሌላ ጸሎተ ነቢያቱ፣ መኃልየ መኃልዩ፣ ውዳሴ ማርያሙ ሁሉ ይገባበታል።

ልጁ የፍየል ቆዳ ገዝቶ ዘፈዘፈ፣ ወጠረ፣ ፋቀ፣ በሻካራ ድንጋይ አለስልሶ ፀሐይ ላይ አደረቀ። ብራናው ሲወጣ ግን ጠርዙ ላይ አንዲት ቀዳዳ አየና ሌላ ቆዳ ገዛ። ቀለሙን ከጥላሸትና ከተቆላ ገብስ በጠበጠ፤ ሲቆይ ነው የሚያምረው ብሎ ከድኖ አስቀመጠው። ክረምት ገባ፤ በጭጋግ ብራና አይደርቅም አለ። መስከረም ጠባ፤ መቃው ቀጭን ነው፣ ቆላ ወርጄ የተሻለ ላምጣ አለ። ሲጠይቁት "እየሠራሁ ነው" ይላል። እውነቱን ነው፤ አንድም ቀን እጁን አጣጥፎ አልዋለም። ጓደኞቹ ዳዊታቸውን ጽፈው፣ ጠርዘው ሲያስረክቡ የእሱ ብራና ተሰምሮ፣ ተደራርቦ ተቀምጧል። የእናቱም ዓይን እየደከመ ሄደ።

አንድ ቀን የኔታ ጎጆው ገቡ።

"ለመጀመሪያው ገጽ ያሰብከው የትኛውን ነው?"

ከሁሉ የጠራውን አወጣላቸው። ተቀበሉና መቃውን ቀለም ነክረው ከመዝሙራት ሁሉ አጭሩን፣ ሁለት ቁጥር ብቻ ያለውን 116ኛውን ጻፉበት። ሁለተኛው መስመር ላይ አንዱን ፊደል ሆን ብለው አሳሳቱት።

"የኔታ! አበላሹት እኮ!"

"ቢላህን አምጣ።"

ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቁ። ከዚያ ፊደሉን በቢላው ጫፍ ቀስ እያሉ ፋቁ፣ ቦታውን አለስልሰው ትክክለኛውን ጻፉበት። ጠባሳው በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል፤ የሚያነብን ሰው ግን አያስቸግርም።

"ልጄ፣ ብራና ደግነቱ የተጻፈበት ይፋቃል። ያልጻፍከውን ምኑን ልረምልህ? ነገ ከኪዳን ስትመለስ፣ ሌላ ሥራ ሳትነካ፣ እዚህ መደብ ላይ ተቀምጠህ አንድ መዝሙር ጻፍ። ቆዳው ከሰዓት በኋላ ይደርሳል።"

በነጋታው ጻፈ። በመጀመሪያዎቹ ገጾች አንዱ ፊደል ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ሆነ፤ ወደ መካከሉ እጁ ረጋ። ዳዊቱ ሲጠረዝ እናቱ ፊደል መለየት አቁማ ነበር። እሱ ያነብላታል፣ እሷ በቃሏ ትከተለዋለች።

ይህን ምሳሌ ለሰነፍ አልተናገርኩም። እኔን የሚያሳዝነኝ ቀኑን ሙሉ እየደከመ ከዓላማው ዳር ዳር የሚዞረው ሰው ነው፦ ሱቅ ሊከፍት አስቦ ዓመት ሙሉ በስሙና በማስታወቂያ ሰሌዳው የሚጨነቀው፣ ቋንቋ ሊማር ብሎ መጽሐፍ እየገዛ የሚደረድረው። እንዲህ ያለውን ሰው "ጊዜህን ተጠቀምበት" ብሎ መምከር አይረዳውም። ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒችል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንደጻፉት፣ ሥራን ማዘግየት በአመዛኙ ሥራው ከሚያመጣው መጥፎ ስሜት ለጊዜው መሸሽ ነው። ልጁም የሸሸው የእጁ ጽሑፍ ከሐሳቡ አንሶ ሲታይ የሚሰማውን ነው።

የኔታ ታዲያ "ጠንክር" አላሉትም፤ ሰዓትና ቦታ ቆረጡለት። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልዊትዘርም በጥናቶቹ ያሳየው ይህንኑ ነው። እንዲሁ "አደርገዋለሁ" ካለው ይልቅ መቼና የት እንደሚጀምር አስቀድሞ የቆረጠው ሰው ሐሳቡን የመፈጸም ዕድሉ ይሰፋል።

ዝግጅትን አልነቅፍም፤ ባልተፋቀ ቆዳ ላይ ማንም አይጽፍም። ግን ያ ሱቅ የሚያስበው ሰው ሰሌዳውን ይተወውና ነገ ጠዋት ለአንድ ጎረቤቱ አንድ ዕቃ ይሽጥ። ዋጋው ተወደደ ይባል ይሆናል፣ ዕቃውም ላይፈለግ ይችላል፤ ቢያንስ ከነገ ወዲያ ምን እንደሚያስተካክል ያውቃል።