አዲስ ጎማ፣ አሮጌ ጌጅ

አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ነቀምቴ ነው የሚኖረው። አስተማሪ ነው። ብዙ ዓመት ቆጥቦ፣ ዕቁብ ጥሎ ያገኛት አንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ነበረችው፤ እኛ «ዲኤክስ» የምንላት ዓይነት። ቶዮታ ይህቺን ሞዴል መሥራት የጀመረው በፈረንጆቹ 1979 ነው። ሌላ አገር ብትሆን ኖሮ ይሄኔ ወይ ሙዚየም ገብታለች፣ ወይ ቀልጣ ድስት ሆናለች። እኛ ዘንድ ግን መኪና አያረጅም፤ ይወረሳል እንጂ። ቀረጡ ድሮም የሚቀመስ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ጭራሽ እጅ የሚያቃጥል ነገር አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። እናም ያለችውን ይዞ መጠገን፣ ማሳመር፣ አንዳንዴም ከዕድሜዋ በላይ ማስጌጥ የሁላችንም ዕጣ ሆነ።

የወዳጄ ችግር ሆዷ ነበር። የመኪናዋን ማለቴ ነው። ወለጋን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከዋናው አስፋልት ወጥተው ወደ ገጠር ከተሞች ሲታጠፉ ክረምት ላይ ቀዩ ጭቃ፣ በጋ ላይ ድንጋዩ ይጠብቃል። ወዳጄ ትምህርት ቤት ደርሶ በተመለሰ ቁጥር የመኪናዋ ሆድ ከድንጋይ ጋር ይጋጫል። ድምፁን ሲሰማ የራሱ ሆድ የተቧጠጠ ይመስል ፊቱ ይኮማተራል።

«ለምን ትልቅ ጎማ አታስገጥምላትም?» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናዘዝ፤ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

አብረን ጎሚስታ ቤት ሄድን። የመኪናዋ የፋብሪካ ጎማ ባለ 13 ቁጥር ቸርኬ ሆኖ ከመሬት እስከ አናቱ 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አዲሱ ባለ 15 ሲሆን ቁመቱ 63 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይጠጋል። ሲታጠፍ ፓራፋንጎውን እየፋቀ ስላስቸገረ ባትላሜራ ተጠርቶ ጠርዙን በመዶሻ ወደ ውስጥ አጠፈው። በቃ፣ መኪናዋ ቆመች! ደረቷን ነፋች! እውነቱን ለመናገር ሆዷ ከፍ ያለው ሦስት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የጎማው ዕድገት ግማሹ ከመሃሉ በላይ ስለሆነ ማለት ነው። ለዓይን ግን ሌላ መኪና ሆነች። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩን።

ገና ልንወጣ ስንል ጎሚስታው እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «ቲቸር» አለው፣ «ጎማው አድጓል፤ ጌጁ ግን ይህን አያውቅም። 80 ሲልህ 80 እንዳይመስልህ። ፍሬኗንም አሳያት» አለው።

ሳቅን። «ጌጁ አያውቅም» የሚለው ነገር ቀልድ ሆኖልን ሲያስቀን ዋለ።

ከሁለት ወር በኋላ ለለቅሶ ወደ ጊምቢ ሄድን። መንገዱ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ከዚያ ወደ ዲዴሳ ሸለቆ ቁልቁል ይወረዳል፣ ሙቀቱ ይለወጣል፣ ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። ወዳጄ ጠንቃቃ ሰው ነው። አንዲት ትንሽ መንደር ስንደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ጌጁን እኔም አይቼዋለሁ፤ 60 ላይ ነበር።

አንድ ልጅ ቢጫ ጄሪካን ተሸክሞ አህያውን እያባረረ ከመንገዱ ዳር ብቅ አለ። ወዳጄ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ግን ድሮ የምትቆምበት ቦታ ላይ አልቆመችም። አልፋ ሄደች። «ጓ!» የሚል ድምፅ ሰማን።

ጄሪካኑ ነበር። ልጁ ጥሎት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ዘሏል። ውሃው አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ልጁ ቆሞ ያየናል፤ አያለቅስም፣ አይናገርም። እኛም እንደዚያው።

አንድ ሽማግሌ መጥተው የልጁን እጅ ያዙ። ከዚያ ወደ ወዳጄ ዞረው «ኢልማ ኮ» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ምን አስቸኮለህ?»

«አባባ፣ ይመኑኝ፣ 60 ላይ ነበርኩ።»

እሳቸው ጌጁን አላዩም። የሚያዩት ጎማው አስፋልቱ ላይ ጥሎት የመጣውን ጥቁር መስመር ነበር። የጄሪካኑን ዋጋ ከፍለን፣ ይቅርታ ጠይቀን ሄድን። ጊምቢ እስክንገባ አንዳችንም አልተናገርንም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፤ ወዳጄ ዋሽቷል?

አልዋሸም። ጌጁ 60 ብሏል። ጌጁስ ዋሽቷል? እሱም አልዋሸም። የእነዚህ መኪናዎች ጌጅ መንገዱን አይቶ አያውቅም። ከካምቢዮው በቀጭን ሽቦ እየዞረ የሚመጣለትን ዙር ብቻ ይቆጥራል፤ አንድ ዙር ይህን ያህል መንገድ ነው ተብሎ ፋብሪካ ውስጥ ተነግሮታል፣ እሱም በተነገረው ጸንቷል። እኛ ነን አንዱን ዙር ወደ አሥር በመቶ የሚጠጋ ያስረዘምነው። 60 ሲል መኪናዋ 66 ገደማ ትሄዳለች፤ 80 ሲል 88። ስድስት ምን አላት እንዳትሉ! የሚሮጥ መኪና ጉልበት የሚያድገው እንደ ፍጥነቱ ሳይሆን በፍጥነቱ እጥፍ ብዜት ነው። ስለዚህ ፍሬኑ ማቆም ያለበት ጉልበት 20 በመቶ ያህል ጨምሯል። ጎማው ሲተልቅ ደግሞ የዚያው አሮጌ ፍሬን አያያዝ ይላላል። እዚህ ሁለት እርምጃ፣ እዚያ ሁለት እርምጃ። ልጁ የተረፈው በአንድ እርምጃ ነው።

ብዙ አገሮች የተስማሙበት አንድ የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ አለ። የፍጥነት መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት በተወሰነ ልክ አብልጦ ቢያሳይ ይፈቀድለታል፤ አሳንሶ ማሳየት ግን ፈጽሞ አይፈቀድለትም። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ፍጹም ልክ የሆነ መለኪያ እንደማይገኝ የደንቡ ሰዎች ያውቃሉ። ስለዚህ ስህተት ካልቀረ ወደ ጥንቃቄ ያጋድል ብለው ወሰኑ። እኛ ያንን ነው በሦስት ሰዓት ሥራ የገለበጥነው።

ጌጁ በራሱ ጊዜ ተበላሽቶ፣ ሳያውቅ የፈጠነ ሰው ይታዘንለታል። ጎማውን ራሱ ለውጦ፣ ጌጁን እንዳለ ትቶ፣ «ጌጁን እዩልኝ» የሚል ሰው ግን ምስክሩን ራሱ አሳስቶ ያንኑ ምስክር ችሎት የሚጠራ ነው። ደግሞ ተነግሮን ነበር እኮ! ሰውየው ጨርቁን ይዞ ፊታችን ቆሞ ነግሮናል። መሪውን እኔ አልያዝኩም፤ ግን ምክሩ የእኔ ነው፣ ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ የሳቀውም አንዱ እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ አንዳንዱ «ድሮስ ልኩን ቢያውቅ ምን ነበረበት?» ሊል ይችላል። ከዚህ ጋር አልስማማም። የወዳጄ ድንጋይ እውነተኛ ድንጋይ ነው። ከፍ ማለት መፈለጉ ኃጢአት አይደለም። «ልክህን እወቅ» የሚለውን ምክር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት ላንድክሩዘር ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ጥፋቱ ማደጉ ላይ አይደለም፤ አድጎ በድሮው መለኪያ ራስን መለካቱ ላይ ነው።

ይህን ደግሞ በየቤታችን እናውቀዋለን። ትናንት ባልደረባ የነበረ ሰው አለቃ ይሆናል። የድሮ ቀልዱን ይቀልዳል፤ ያኔ ያስቅ የነበረው ቀልድ ዛሬ የበታቹን እንቅልፍ ይነሳዋል። «ምን አልኩ? እኔ እኮ ያው ነኝ!» ይላል። እውነቱን ነው፤ በእሱ ጌጅ ያው ነው። የወንድሞቹን ትምህርት ቤት የሚከፍል ታላቅ ወንድም «ሐሳብ ነው የሰጠሁት» ይላል፤ ወንድሞቹ ዘንድ ግን ሐሳቡ ትእዛዝ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ሁሉም በ60 የሚሄዱ ይመስላቸዋል። ጥቁሩን መስመር የሚያየው መንገድ ዳር የቆመው ነው።

ወዳጄ ከጊምቢ እንደተመለስን ፍሬኗን አሠራ። ጎማውን አላወለቀም። ከፋርማሲ ነጭ ፕላስተር ገዝቶ ከጌጁ ሥር ለጠፈና በእስክሪብቶ «በ10 አንድ ጨምር» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ወዲህ ጌጁን ባየ ቁጥር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ፤ ይደምራል።

ባለፈው ዓመት ሊሸጣት ወሰነ። ገዢው ሊያያት በሚመጣበት ዋዜማ ማታ ደወለልኝ። «ያንን ፕላስተር ልላጠው እንዴ? ሰውየው ካየው ዋጋ ይሰብራል» አለኝ።

እንደገና አማካሪ ሆንኩ ማለት ነው። አፌ ላይ የመጣው መልስ የትኛው እንደነበር ባልናገር ይሻለኛል። ጥቂት ዝም አልኩ። ዝምታዬ ለምን እንደረዘመ ገብቶት ነው መሰለኝ «ተወው በቃ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

በማግስቱ ወጣቱ ገዢ መጣ፣ ጎማውን አደነቀ፣ ገብቶ ተቀመጠ። «ቲቸር፣ ይሄ ፕላስተር ምንድን ነው?» አለ።

ወዳጄ ከጎሚስታው ጀምሮ እስከ ጄሪካኑ ድረስ ነገረው። ሰውየው ዋጋ ሰበረ። ወዳጄም ተስማማና ቁልፉን ሰጠው። ከመለያየታቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ ለመነው፤ ፕላስተሩ ሲቆሽሽ አዲስ እንዲለጥፍበት።