የዘበኛው ጫማ

በዩጎዝላቪያ፣ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት ከተማ የጫማ ፋብሪካ ነበረ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው ሕግ ፋብሪካዎችን ለሠራተኞች ምክር ቤት ሲያስረክብ፣ የዚህኛውን በር ቁልፍ የያዘው ወጣት ዘበኛ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ የማንን ንብረት ነው የምትጠብቀው?» ቢሉት፣ «የራሴን!» ብሎ ሳቀ።

ሃያ ምናምን ዓመት አለፈ። የ1974ቱ ሕገ መንግሥትና ከሁለት ዓመት በኋላ የተከተለው የሥራ ሕግ፣ የሠራተኛው ድምፅ በትልቅ ድርጅት ውስጥ እንዳይዋጥ ብለው ፋብሪካውን በየክፍሉ ለያዩት። ቶማያ፣ ማለትም የላዩን ቆዳ፣ የሚሰፉት ለብቻ፤ ሶል የሚቆርጡት ለብቻ። ምክር ቤታቸው ተለየ፣ ሒሳባቸው ተለየ፤ የጋራ የቀረው ጣሪያው ነው። ዕቅድም እንደ ድሮው ከቤልግሬድ ታዝዞ አይመጣም፤ ክፍሎቹ ተነጋግረው ውል ይፈራረማሉ። መቼም ሐሳቡ ያምራል፤ እኔም ብሆን እጄን አወጣለት ነበር።

የቶማያ ክፍል ከባንክ ተበድሮ አዳዲስ የስፌት መኪና አስገባ። የሶል ክፍል መቁረጫ ግን አርጅቶ ያቃስታል። «ከትርፉ ላይ ቀንሰን አዲስ እንግዛ» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ አንድ ጣቱ የጎደለ አዛውንት ቆራጭ ተነሣ። «ጡረታ ስወጣ መኪናውን ተሸክሜ ልሄድ ነው? ደመወዝ ይጨመር!» ከሱ ዕድሜ የማይርቁት ብዙ ነበሩና እጁ ሁሉ ከፍ አለ። ማን ይፈርድባቸዋል? ድርሻ ብሎ ይዞት የሚወጣ የለም።

ዕቅዱ ላይ ግን ሁለቱም ክፍሎች እኩል ቁጥር ጽፈው ፈረሙ፤ ሲፈራረሙ ደግሞ ቡና ተፈልቶ ነበር።

ክረምት ሲገባ ቶማያ እስከ ጣሪያ ተከመረ፤ ሶል የለውም። ያን ሰሞን የሽማግሌው ዘበኛ ጫማ ከሥር ተቀደደ። ወደ ቶማያዎቹ ሄደ።

«ጓድ፣ የእርስዎ ችግር ከታች ነው፤ እኛ የላዩን ነን።»

ወደ ሶሎቹ ተሻገረ።

«የዘንድሮው በውል አልቋል፤ ለከርሞ ዕቅድ ያስይዙ።»

«ይህን ውል ማነው የፈረመው?» አለ በንዴት። ልጅቷ መዝገቡን አዙራ አሳየችው። ከግርጌ፣ ከጥበቃ ክፍል አንጻር፣ የገዛ ፊርማው ነበር።

መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ደግሞ አየው። ከዚያ ካልሲው በውሃ እየተንጨፈጨፈ ወጣ፤ በሩንም እንደ ወትሮው ሁለት ጊዜ ቆለፈው።