አማላጅና አዛዥ

ትዳሯ የታመመባት ወይም ልጇ ከእጇ እያመለጠ የመጣባት ሙስሊም ሴት፣ እርዳታ ፍለጋ በምትሄድበት ቤት እምነቷን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ይገባታል ወይ? ሲሰሙት የአስተዳደር ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ችግርን ከእምነት ነጥሎ መፍታት ይቻላል የሚል ሰው ስለ ሰው ልጅ ምንነት አንድ ነገር ወስኗል፤ አይቻልም የሚለውም እንዲሁ። ይህን ክርክር ለመመርመር ለንደን ጥሩ ቦታ ናት። በሰሜን ምዕራብ ለንደን፣ ብሬንት በሚባለው አካባቢ፣ ወጣት ሙስሊም ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1985 አን-ኒሳ ሶሳይቲ የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። የሚመሩት ሴቶች ቢሆኑም የሚያገለግለው ቤተሰቡን በሞላ ነው፤ ባለትዳሮችን ይመክራል፣ ወላጆችን ይደግፋል፣ አባቶችንም አልረሳም። የመስጊድ ክፍል አይደለም፣ የመንግሥት ቢሮም አይደለም። እንዲህ ያለ ቤት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ተገቢ የሚያደርገው ግን ሃይማኖታዊ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ መካሪነትና አዛዥነት በአንድ እጅ እንዳይገቡ መጠበቁ ነው።

አስቀድመን «ገለልተኛ» የሚባለውን አገልግሎት እንመልከት። ብሪታንያ በ1976 ያወጣችው የዘር ግንኙነት ሕግ መድልዎን የከለከለው በቀለም፣ በዘር፣ በዜግነትና በብሔር ነበር። ሃይማኖት አልተጠቀሰም። በ1983 ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ሰጪ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በጥምጥሙ ምክንያት ትምህርት ቤት አልቀበልህም ስላለው የሲክ ልጅ ሲፈርድ፣ ሲኮች እንደ ብሔር ይቆጠራሉ አለ፤ አይሁድም በዚሁ ጥላ ሥር ነበሩ። ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽ፣ ከሶማሊያ፣ ከቱርክ፣ ከእኛም አገር የመጡት ሙስሊሞች ግን አንድ ብሔር ሊባሉ አልቻሉም። ስለዚህም በእምነታቸው ለሚደርስባቸው መገፋት ሕጉ መልስ አልነበረውም። በሥራ ቦታ ጥበቃ ያገኙት በ2003፣ በአገልግሎት አሰጣጥ ደግሞ በ2006 በወጣ ሕግ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የሕዝብ ቆጠራው ሃይማኖትን መጠየቅ የጀመረውም በ2001 ሲሆን፣ ያኔ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሙስሊም ተቆጠረ። እስከዚያ ድረስ ያቺ ሴት በአካባቢው ምክር ቤት መዝገብ ላይ «እስያዊት» ወይም «ጥቁር» ነበረች። እስያዊት ለተባለች ሴት የሚዘጋጅ አገልግሎት ቋንቋዋንና ምግቧን ያስብላት ይሆናል። ባሏ በአንደበቱ ሦስት ጊዜ ፈትቼሻለሁ ብሏት አሁንም ሚስቱ መሆን አለመሆኗ የጨነቃት ሴት፣ ወይም ወለድ ሽሽት ብድር ሳትወስድ ቀርታ ቤት ያጣች ሴት ስትናገር ግን መካሪው አይገባውም። ያኔ ወይ ጭንቀቷን እንደ ኋላቀር ባህል ቆጥሮ ያልፈዋል፣ ወይ ደግሞ ነገሩን ፈርቶ ወደ ኢማምሽ ሂጂ ይላታል። የመጀመሪያው እምነቷን መናቅ ነው፣ ሁለተኛው እሷን አሳልፎ መስጠት። ገለልተኝነት ከሁለቱም ውስጥ የለም።

የጠነከረው ተቃውሞ የመጣው ከሴቶች መብት ታጋዮች ነው። በ1979 በምዕራብ ለንደን የተመሠረተው ሳውዝሆል ብላክ ሲስተርስ የእስያና የአፍሮ-ካሪቢያን ሴቶችን ከቤት ውስጥ ጥቃት ሲከላከል የኖረ ዓለማዊ ድርጅት ነው። የእነሱ ሥጋት ይህ ነው፤ መንግሥት ሴቶችን በሃይማኖት ከመደበ በሃይማኖቱ ስም የሚናገሩት ወንዶች ጉልበት ያገኛሉ፣ ከባሏ ዱላ የሸሸችውም ሴት ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ ወደሚላት ሽማግሌ ትመለሳለች። ዕርቅ ከፍትሕ ቀድሞ የተቀመጠበትን ሽምግልና የምናውቅ እኛ ይህን ሥጋት ተረት ነው ልንለው አንችልም። ሆኖም በዚያው ድርጅት ላይ የደረሰው ነገር ክርክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደዋል። የኢሊንግ አካባቢ ምክር ቤት ለሁሉም ነዋሪ አንድ አገልግሎት ይበቃል፣ ለተለየ ወገን የሚሰጠው አንድነትን ይጎዳል በሚል ምክንያት ድጎማቸውን ሊያቋርጥ ተነሣ። ጉዳዩ በ2008 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ ድርጅቱ ረታ፤ የተለየ አገልግሎት ከእኩልነት ጋር እንደማይጣላ፣ እንዲያውም ወደ እኩልነት መድረሻ ሊሆን እንደሚችል ተፈረደ። ዓለማውያኑ ሴቶች ለራሳቸው ሲሟገቱ ሳያስቡት ለአን-ኒሳም ተሟገቱ ማለት ነው። ቋንቋና ትውልድ የተለየ መካሪ ካስፈለጋቸው፣ የሴቲቱን ጋብቻና ፍቺ፣ ምግብና ሐዘን የሚገዛው እምነት እንዴት አያስፈልገውም?

በክርክር መርታት ግን ሥጋቱን አያጠፋውም። እኔ ጠቃሚውን መልስ የማገኘው ከእስልምናው ምንጭ፣ የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ ካቆዩት የበሪራ ታሪክ ነው። በሪራ ከባርነት ነፃ ስትወጣ ባሏ ሙጊስ ገና ባሪያ ነበር። ነፃነቷ በትዳሩ የመቆየትም የመውጣትም ምርጫ ሰጣትና መውጣቱን መረጠች። ሙጊስ እንባው ጺሙን እያራሰው በመዲና መንገዶች ይከተላት ጀመር። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አዘኑለትና ብትመለሽለት ምናለ አሏት። ያዙኛል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አላዝሽም፣ ላማልድ ብቻ ነው አሉ። እንግዲያው አልፈልገውም አለች፤ ነገሩም በዚያው ተቋጨ። በምእመናን ዘንድ ከዚያ አማላጅ የሚበልጥ ሥልጣን ያለው ሰው የለም፤ የተማለደችው ደግሞ ትናንት የተሸጠችና የተገዛች ሴት ናት። ልዩነቱ ይገለጽልኝ ብላ የጠየቀችውም እሷው ነች። ስትጠይቅ እምነቷን የተጠራጠረ፣ እምቢ ስትል የተቆጣ ሰው አልነበረም። የሕግ ሊቃውንቱ ከዚህ ታሪክ ስለ ነፃ መውጣትና ስለ ጋብቻ ብዙ ነገር አውጥተዋል። ለእኛ ጥያቄ የሚበጀው ግን ማማለድና ማዘዝ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውና ሴቲቱ የቱ እንደቀረበላት የማወቅ መብት ያላት መሆኑ ነው። የሳውዝሆል ሴቶች የሚፈሩት ሁለቱ የተደባለቁበትን ቤት ነው፤ ያ ቤት በራሱ ሃይማኖት ሚዛንም ይወድቃል። አን-ኒሳ በሴቶች መመራቱ፣ ከመስጊድ ኮሚቴም ተለይቶ መቆሙ ክብደት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። እዚያ የምትመክራት ሴት ፍቺውን መስጠትም መንፈግም አትችልም፤ ስለዚህ ምክሯ ምክር ሆኖ ይቀራል።

ከወዲያኛው ወገን ደግሞ የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም፣ ሴት ጉዷን ለማኅበር ዘርዝራ የባሏን ስም አታጎድፍ የሚል ተቃውሞ አለ። ቁርኣን ግን 58ኛውን ምዕራፍ የሚጀምረው ባሏ እንደ እናቴ ነሽ ብሎ ከትዳርም ከነፃነትም ያስቀራት ሴት ያቀረበችውን አቤቱታ አላህ መስማቱን በመናገር ነው፤ ተንታኞቹ ኸውላ ቢንት ሠዕለባ ናት ይላሉ። በ4ኛው ምዕራፍ ባልና ሚስት ሲጣሉ አንድ ዳኛ ከእሱ ቤተሰብ፣ አንድ ከእሷ ቤተሰብ እንዲቆም ታዟል። የእሷ ወገን መኖሩ ግዴታ ነው ማለት ነው። በስደት አገር ይህ ወገን ከየት ይመጣል? ሐረር ላይ አፎቻ የሚባለው የሴቶች መረዳጃ ማኅበር አለ፣ ሌላው ከተማ ላይ እድርና ጎረቤት አለ፣ አክስት አለች። ለንደን ላይ ብዙ ጊዜ ያለው የባል ዘመድ ብቻ ነው። ገመናን ለመሸፈን የሚታመን ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ከሌለ የሚቀረው ዝምታ ነው፣ ዝምታንና መሸፈንን አንድ አድርገው የሚቆጥሩ ሰዎች አይገቡኝም።

አዛዡ ሁልጊዜ ባል ወይም ሼኽ አይደለም። ከ2005ቱ የለንደን ፍንዳታ በኋላ መንግሥት አክራሪነትን ለመከላከል በሚል ስም ለሙስሊም ማኅበራት፣ ለሴቶቹም ጭምር ገንዘብ ማፍሰስ ጀመረ። አን-ኒሳ በ2009 ይህን መርሐ ግብር የሚተች ጽሑፍ አወጣ። ትክክል ነበር። ልጇ ስለተለወጠባት ምክር ፍለጋ የመጣች እናት ወሬ አቀባይ ትሁን ከተባለ የዚያ ቤት መካሪነት አብቅቷል፤ አዛዡ ፖሊስ መሆኑ ነገሩን አያቀለውም።

መካሪና አዛዥ መለያየታቸው በተግባር ምን እንደሚጠቅም የሚታየው በኒካህ፣ በእስላማዊው የጋብቻ ውል ጉዳይ ነው። መንግሥት ያስጠናው የ2018ቱ ገለልተኛ ግምገማ እንዳሳየው፣ በእንግሊዝ ወደ ሸሪዓ ምክር ቤቶች ከሚሄዱት አብዛኞቹ ፍቺ የሚፈልጉ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ትዳራቸውን በመንግሥት መዝገብ አላስመዘገቡም። ምክር ቤቶቹ በአገሩ ሕግ ሥልጣን የላቸውም፤ ሴቲቱ የምትሄደው ሌላ በር ስላጣች ነው። የእኛ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው፤ ሌላ በር የሌላት ሴት ተስማማች ማለት ይከብዳል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ ያውቃል። በዚህ ልማድ ያደገች ሴት ለንደን መጥታ ኒካህ ብታስር ያገባች ይመስላታል፤ በዚያ አገር ሕግ ግን ጋብቻዋ ካልተመዘገበ ሲለያዩ ከባሏ ንብረት እንደ ሚስት የምትጠይቀው ድርሻ የለም። ግምገማው ምዝገባው ከኒካሁ በፊት ወይም አብሮ እንዲፈጸም መክሯል። ይህን ኒካሁ ሳይታሰር ሊነግራት የሚችለው ኒካሁንም የአገሩንም ሕግ የሚያውቅ ሰው ነው፤ የአካባቢው ምክር ቤት ስለ ኒካሁ አይጠይቃትም፣ የሚያስረው ሼኽም ስለ መዝገቡ ላይጠይቃት ይችላል።