ሳያውቅ ትክክል የተናገረ ሰው ከበደል ነፃ ነውን?



እስቲ አንድ ጥያቄ እናንሣ። አንድ መካኒክ መኪናውን ሳይመረምር «በሽታው ይህ ነው» ብሎ ፈረደ እንበል። ግምቱም ሰመረለትና መኪናው ዳነ። ይህ ሰው ባለንብረቱን በድሏል ወይስ አልበደለም? ብዙዎቻችን «መኪናው ከዳነ ሌላ ምን ቀረ?» እንል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

በላስታ ደጋ፣ ከላሊበላ ወደ ጋሸና በሚወስደው መንገድ፣ ሰውና ዕቃ ሲያመላልሱ ያረጁ ላንድክሩዘሮች አሉ። ከእነርሱም መካከል ቶዮታ ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሠራውን ባለ ስድስት ሲሊንደርና ባለ 4.2 ሊትር የናፍታ ሞተር የያዙ ይገኛሉ። የአንድ ቤተሰብ ጉርስና የልጆች ደብተር በእንዲህ ያለ መኪና ላይ የተንጠለጠለ ነው እንበል። አንድ ቀን ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ፣ መካኒኮች «ሚኒሞ» በሚሉት ላይ፣ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መካኒኩም ከሩቅ አዳምጦ «ፓምፑ ነው፤ ይውረድ!» አለ። ፓምፕ ማሠራት ደግሞ ለድሃ ቤት ከባድ ዕዳ ነው።

የናፍታ ሞተር እሳት የሚረጭ ካንዴላ የለውም። አየሩን አጥብቆ በመጭመቅ ያግለዋል፤ ከዚያም ናፍታው በደቃቁ ሲረጭበት ይቀጣጠላል። ስለዚህ ንጹሕ ናፍታ፣ በቂ አየርና የማያፈስ መጭመቂያ ያስፈልጉታል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ይንቀጠቀጣል። ምልክቱ አንድ፣ ምክንያቱ ግን ብዙ ነው ማለት ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? በሽታው የማለዳ ብቻ ሆኖ፣ ነጭ ጭስ እያወጣ ቆይቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚተወው ከሆነ፣ አስቀድማ የምታሞቀው ካንዴላ ትታይ። ማደያ ሲደርቅ በጀሪካን የተገዛ ናፍታ ውኃ ይዞ ሊመጣ ይችላልና ከፊልትሮው ሥር ይፍሰስና ይታይ። በላላ ቱቦ አየር እየገባ እንደሆነም ይፈተሽ። የላሊበላ ከፍታ 2,500 ሜትር ያህል በመሆኑ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ እናም ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ መታየቱ ብቻውን ፓምፑን አያስወቅስም።

ይህ ሁሉ ካልፈታው ባለሙያው ሞተሩ እየሠራ የእያንዳንዱን ኢንጀክተር ቱቦ ዳዶ በየተራ ላላ ያደርጋል። ጤነኛው ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል፤ ሲላላ ምንም የማይለወጥበት እርሱ በሽተኛው ነው። ከዚያም ኢንጀክተሩን ከጎረቤቱ ጋር ያለዋውጠዋል። በሽታው አብሮ ከሄደ ጥፋቱ የኢንጀክተሩ ነው፤ ባለበት ከቀረ ግን መጭመቂያው ይመረመራል። (ይህን በቤታችሁ አትሞክሩት! በግፊት የሚወጣ ናፍታ ቆዳን በስቶ ይገባል። በኮምፒውተር በሚታዘዙ አዳዲስ ሞተሮችማ ፈጽሞ አይደረግም።)

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ያ መካኒክ የዕውቀት ዋጋ ተቀብሎ ግምት ሸጠ። መሳካቱ የአላህ ችሮታ እንጂ የእርሱ ሥራ ውጤት አይደለም። ነገም በዚያው ምላሱ የሌላ ሰው ጤነኛ ፓምፕ ያስወርዳል። በአቡ ዳውድ በተዘገበው ሐዲስ መሠረት ሕክምናን ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። የሰውን ንብረት በአማና የሚረከብ ባለሙያስ ከዚህ ትምህርት ሊወስድ አይገባውምን?

«ድሃ ለምርመራ የሚከፍለው ከየት ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከፊልትሮ የሚጀምር ምርመራ ከሁሉ ይልቅ ለድሃ የሚያዝን ነው። «ጆሮው የሠለጠነ አንጋፋስ?» ለሚልም፣ የአንጋፋው ጆሮ የብዙ ዓመታት ምርመራ ጥርቅም ስለሆነ ሊከበር ይገባዋል። ሆኖም እርሱም እስኪፈትሸው ድረስ ሊል የሚገባው «ይመስለኛል» እንጂ «ነው» አይደለም። በደሉ ያለው በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ነው። ታላቁ ኢማም ማሊክ እንኳ ከሩቅ አገር ተልኮ የመጣ ሰው ብዙ ጥያቄ ሲያቀርብላቸው ለአብዛኛው «አላውቅም» ብለው እንደመለሱ ይነገራል። ይህም ክብራቸውን አልቀነሰውም።

ወላጆች ሆይ! ልጅ በትምህርቱ ሲሰንፍ፣ ከቤት ገንዘብ ሲጠፋ፣ ጎረቤት ፊቱን ሲያጠቁር፣ ስንቶቻችን «ነው» ብለን እንፈርዳለን? ምናልባት ልጁ ዓይኑ ደክሞ ይሆናል፤ ገንዘቡም ያስቀመጥንበት ተዘንግቶን ይሆናል። ፍርዳችን አንዳንዴ ይገጥም ይሆናል። መግጠሙ ግን ሳንመረምር መፍረዳችንን አያጸድቀውም።

አላህ ከማናውቀው ነገር ምላሳችንን ይሰብስብልን። ወላሁ አዕለም።